የሠላሳ ሰባት ቁጥር ባለቤት

መቐለ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ፍሬወይኒ፣

እንደምን ነሽ ብዬ አልጀምርም። እንደምን እንዳለሽ አውቃለሁ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ትቆጪኛለሽ፤ ተቆጪ። እኔ ከተቆጣሁ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ስልክሽ ዝግ ነው። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ወንድምሽ ኣንዶም ሱቅ ሁለት ጊዜ በእግሬ ሄጃለሁ። «ማይጨው እናታችን ጋ ናት፣ ዕረፍት ያስፈልገኛል ብላ ነው» አለኝ። ፊቱን አየሁት፤ ምንም አያውቅም። «እንታይ ደኣ አስካል፣ ችግር አለ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «የሥራ ጉዳይ ነው» አልኩት። ለአንቺ ስል የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ይሄ ነው፤ ሁለተኛውን ወደ በኋላ ትሰሚዋለሽ። ደብዳቤውን ለማይጨው ሚኒባስ ሾፌር እንደሚሰጥልኝ ቃል ገብቷል። ፖስታውን በላብራቶሪው ፕላስተር ሦስት ጊዜ ጠቅልዬዋለሁ፤ ስትከፍቺው ትንሽ ትለፊ።

ነገሩን ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ፤ ካልሆነ አንቺ «የምን ሠላሳ ሰባት?» ብለሽ ዓይኔን እያየሽ ትክጃለሽ።

ያን ቀን የመዝገብ ቤቷ ኣምለሰት ሻይ ይዛልን ገብታ «እናንተ ሰዎች ቀኑን ሙሉ አጎንብሳችሁ ምንድን ነው የምትቆጥሩት?» ያለችን ጊዜ ትዝ ይልሻል? እኔ ስለ ጡት ካንሰር ጥናቱ በመጽሐፍ ቋንቋ ላስረዳት ስጀምር አቋረጥሽኝ።

«ኣምለሰት፣ እናንተ ሰፈር ውሃ በስንት ቀን ነው የሚመጣው?» አልሻት።

«እሱማ በአሥራ አምስት ቀንም ከመጣ እልል ነው።»

«ዕጢው ማለት ወረፋ የማይጠብቅ ጎረቤት ነው። አንድ ኢንዛይም አለው፣ ጉዳይ አስፈጻሚው በይው። ጤነኛ ሰው ላይ ቁስል ሲኖር ብቅ ብሎ ሥራውን ሠርቶ የሚሄድ ነበር፤ ዕጢው ግን ቋሚ አድርጎ ቀጠረው። ዋናው መስመር ድረስ ይሄድና ‹ለጌታዬ ቧንቧ ቀጥሉለት› ይላል፤ ይቀጥሉለታል። አዳዲስ የደም ሥር ይበቅልለታል ማለት ነው። እኛ አንድም ኢንዛይሙ ምን ያህል እንደሆነ እናያለን፣ አንድም ቧንቧዎቹን እንቆጥራለን።»

«እንዲያ ከሆነ ያንን ጉዳይ አስፈጻሚ ለኛ ሰፈርም ላኩልን» አለች ኣምለሰት። አንቺ እንዴት እንደሳቅሽ አልረሳም። የካቲት መጀመሪያ ላይ ነበር። አሁን ሳስበው እብጠቱን ያኔም ታውቂው ነበር።

ለጥናቱ ስልሳ ሴቶች ያስፈልጉን ነበር። ማቅለሚያው ከውጭ እስኪመጣ ሰባት ወር ጠበቅን፤ ሲመጣ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ውስጥ እንዳይበላሽብን በረዶ ፍለጋ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ከካፌ ወደ ካፌ ዞርን። የድሮዎቹ ናሙናዎች አርባ ስምንት ብቻ ሆኑ። የጥናታችን አለቃ ዶክተር ገዛኢ «የዘንድሮዎቹም ይጨመሩ» ሲሉ አንቺ «የዘንድሮዎቹ ይቅሩ፣ ገና ናቸው» ብለሽ ተከራከርሽ። ምክንያትሽ ምን እንደሆነ አልገባንም። እኔም ከዶክተር ጋር ወገንኩ፤ ሥራው እንዲያልቅልኝ ፈልጌ ነበር።

ሕጋችን ግልጽ ነበር፤ ያወጣሽውም አንቺ ነሽ። የድሮውና የዘንድሮው ተደባልቆ፣ ስላይዱ ላይ የጥናት ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም፤ ቁጥሩን የምትሰጪውም አንቺ ነበርሽ። አንዷ ቆጥራ ለሌላዋ አትነግርም። ልዩነታችን ከአምስት ከበለጠ ባለ ሁለት መመልከቻው ማይክሮስኮፕ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ እያንዳንዷን የደም ሥር በቀስቱ እየጠቆምን፣ ጮክ ብለን አብረን እንቆጥራለን። የቆጠራ መሣሪያችን ከተሰበረ ወዲህ እኔ ሽምብራ ከስኒ ወደ ስኒ እየጣልኩ፣ አንቺ በጸሎት መቁጠሪያሽ ነበር የምንቆጥረው። «አርባ አንድ ፍሬ አለው፣ ከዚያ የሚበልጥ ካገኘሁ ኪርያላይሶን እላለሁ» ትይ ነበር። በሠላሳ ስድስት ስላይዶች ላይ ልዩነታችን ከሦስት አልፎ አያውቅም።

ሠላሳ ሰባተኛው ላይ እኔ ሠላሳ አራት ጻፍኩ። አንቺ ዘጠኝ።

ዘጠኝ፣ ፍሬ። ኢንዛይሙ ላይ እንደኔው ሦስት ብለሽ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጥተሽዋል፤ እንዲያ ቡና መስሎ የቀለመውን ስላይድ የለም ማለት አይቻልም። የደም ሥር ግን «አላየሁትም» ማለት ይቻላል። ያንን ያወቅሁት አሁን ነው። ያኔማ በዶክተር ገዛኢ ፊት ምን አልኩሽ? «ዓይንሽን ታይው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርተሽ ዘጠኝና ሠላሳ አራት ካልለየሽ ጡረታ ውጪ።» ዶክተር ፈገግ አሉ። አንቺ «ሓቅኺ፣ እውነትሽን ነው፤ ደክሞኝ ነው» ብቻ አልሽ። እንደወትሮሽ ትመልሺልኛለሽ ብዬ ስጠብቅ በዚያ ስታልፊው እንኳ ምነው አላልኩም።

ከዚያ በሕጉ መሠረት ይዤሽ ተቀመጥኩ። ቀስቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «ይህችን አየሻት?» እልሻለሁ፤ «አየኋት» ትያለሽ። «ይህችንስ?» «አየኋት።» እንደወትሮሽ በአማርኛ አልቆጠርሽም። ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ እያልሽ በዝግታ፣ ልጅ ሆነሽ እንደተማርሽው ቆጠርሽ። እኔ ደግሞ ተንቀርፍፋ ልታናድደኝ ነው ብዬ ቀስቱን አፈጠንኩት። ሰላሳን ሓደን፣ ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርሺ «ዓይኔን ልታጠብ» ብለሽ ተነሳሽ። አልተመለስሽም። በማግስቱ የዓመት ፈቃድ ቅጽሽ ጠረጴዛው ላይ፣ መቁጠሪያሽ ማይክሮስኮፑ ሥር ተገኘ።

ከጎረቤትሽ ጀምሮ እስከ ሰማይ ድረስ የምወቅሰው ፈልጌ ነበር፤ ዞሬ ዞሬ እዚያች ወንበር ላይ እደርሳለሁ። የገዛ ሕመምሽን አንድ በአንድ በጣትሽ ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ። እንዲያም ሆኖ በአንቺም ተናድጃለሁ። «ተዪኝ አስካል» የሚል አንድ ቃል ከአፍሽ ማውጣት ያን ያህል ይከብዳል?

ያወቅሁት ሰንጠረዡን ስሞላ ነው። ዕድሜና ደረጃ ያስፈልገኝ ስለነበር ኣምለሰት መዝገቡን ገልጣ ታነብልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ስም እንዳታነብ ተነግሯታል። ለምዶባት «ሠላሳ ሰባት፤ ወለተ ኪዳን ገብረአምላክ፤ አርባ አራት ዓመት፤ ሰሜን ክፍለ ከተማ» አለች፤ ከዚያ አፏን ያዘች።

«ስሟን ድገሚልኝ» አልኳት።

«አታንብቢ ብላችሁ፣ ደግሞ ድገሚ? የክርስትና ስም ነው እኮ። ሰው እንዳያውቅባቸው እንዲህ ይሰጣሉ።»

«የአባቷ ስም ገብረአምላክ ነው?»

«በዚህ ከተማ ስንት ገብረአምላክ አለ መሰለሽ» አለችና ገጹን አዞረችልኝ። ስልክ ቁጥሩን አየሁት። መንገዱም ስልኩም በተዘጋባቸው ዓመታት በየማታው ስሞክረው የነበረው የድሮ ቁጥርሽ ነው። እስካሁንም አይሠራም። የማይሠራ ስልክ ለሐኪም የሚሰጥ ሰው እንዲፈለግ አይፈልግም ማለት ነው።

የክርስትና ስምሽን እንዴት እንዳወቅሁት አንቺና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ያን ክፉ ጊዜ ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ማረፏን ከዓመት በኋላ በሰማሁ ቀን፣ ቤትሽ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ከእኛም ማን እንደሚተርፍ አይታወቅም» አልሽኝ። «ዘመድሽ ሩቅ ነው። የሆነ ነገር ብትሆኚ ቄሱ በማን ስም ይፍታሽ?» ስሜን ነገርኩሽ፣ ስምሽን ነገርሽኝ። የተረፈችው ለፍትሐት እንድታስነሳ። እኔ ያንን ስም ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ኣምለሰት በእስክሪብቶ እየጠቆመች ስታነበው ለአፍታ የሞትሽ መሰለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አንቺ ደግሞ ከሰው ሁሉ መርጠሽ እንዲህ አደረግሽ። በክርስትና ስማቸው ተመዝግበው ውጤታቸው የሚጠፋባቸውን ሴቶች መስኮቱ ላይ የምትቆጪ አንቺ አልነበርሽም? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ስምሽን ደብቀሽ በማን ስም ልትድኚ ነው?» እያልሽ ስንቷን አስለቅሰሻል። እኔ እንኳ «ተያቸው ፍሬ፣ ሰው ወሬውን ፈርቶ ነው» ስልሽ «ወሬ ገድሎ አያውቅም» ትይኝ ነበር። እና አሁን ምን ልበልሽ?

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣብኝ። የካቲት መጨረሻ ላይ «የአጎቴ ልጅ ሰርግ አለ» ብለሽ አሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ ወጣሽ። በዐቢይ ጾም! ፍሬ፣ በዐቢይ ጾም ማን ነው የሚዳረው? እኔ ሹሮዬን እየበላሁ፣ ቅዳሴ እያስቀደስኩ፣ «መልካም ሰርግ» ብዬ ሸኘሁሽ። ለሙሽራዋ ብዬም ያንን ሰማያዊ ሻሽ ላክሁ፤ ተቀብለሽኝ አመስግነሽ ሄድሽ። ስትመለሺ ግራ እጅሽ ሳጥን አያነሳም። «ሰርግ ላይ እስክስታ አበዛሽ መሰለኝ» ብዬ ቀለድኩብሽ። የናሙና ሳጥኑንም በቀኝ እጅሽ ብቻ ስትጎትቺ ዝም ብዬ አይ ነበር።

ደግሞም እዚያው ሳምንት፣ አንቺ ስላልነበርሽ፣ ቲሹውን ሰም ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከጡትና ከብብት የመጣ፣ ብዙ ቁራጭ ያለው ነበር። «ፍሬ ሰርግ ላይ ትጨፍራለች፣ እኔ እዚህ እቃጠላለሁ» እያልኩ አጉረመረምኩ። ኣምለሰት ትመስክር። በእጄ ይዤሽ አላወቅሁሽም።

አሁን የምጽፍልሽን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ግን ማወቅ እንዳልጠቀመሽ ስላየሁ እደግመዋለሁ። የእኛ ቆጠራ የማንንም መድኃኒት አይወስንም። ሠላሳ አራትም ይሁን ዘጠኝ፣ ለጥናቱ ነው፤ ለአንቺ ቀን አይጨምርልሽም፣ አይቀንስብሽም። የሚወስነው ሌላ ነው። ከብብትሽ የወጡት አሥራ ሁለት ንፍፊቶች ሁሉም ንጹሕ ናቸው። ዕጢው ተጠርጎ ወጥቷል። የቀረው መድኃኒቱ ነው፤ እሱም በሦስት ወር ውስጥ ካልተጀመረ ጥቅሙ እየሳሳ ይሄዳል። ቀዶ ጥገናው የካቲት 28 ነበር። ስለዚህ ሰው የማይጠቅመውን ቁጥር ቀንሰሽ፣ የሚጠቅመውን ቀን ትተሽ ነው የሄድሽው። ዘጠኝ ብለሽ ስትጽፊ ማንን ልታታልዪ ነበር? ዕጢው እኮ የኛን ሰንጠረዥ አያነብም።

ይህን ስጽፍ ተናድጄ ነው፤ ግን እንዴት እንደሆነ አይገባኝም ማለት አልችልም። ነጭ ጋዋን ለብሰሽ ፈጠን ፈጠን እያልሽ የምታልፊበት ኮሪደር ላይ ካርድ ይዞ መቀመጥ ይከብዳል። ሁሉም ያውቅሻል። የጥበቃው ሰው ሳይቀር «ፍሬ፣ ማንን ልትጠይቂ መጣሽ?» ይልሻል። እኔም ብሆን ማርያምን፣ እንዳንቺው አደርግ ነበር። ስለዚህ ነው በጣም የተናደድኩት።

ዶክተር ገዛኢ በበኩላቸው አላስቀመጡኝም። «ሠላሳ ሰባትን አውጪያት፤ ሁለት ቆጣሪ ያልተስማማበት ናሙና ነው፣ ጽሑፉን ያበላሽብናል» ይላሉ። ሰኞ ዕለት «አላወጣትም» አልኳቸው። «ምክንያት?» አሉ። ምክንያቱን ከነገርኳቸው አንቺን አጋለጥኩ፤ ካልነገርኳቸው ግትር ሆንኩ። ግትርነቱን መረጥኩ። «አንቺና ፍሬ ቆጠራውን ትታችሁ መኳረፍ ጀመራችሁ እንዴ?» ብለው በሩን ዘግተው ወጡ። ይኸው ተኳርፈናል ብለው ይመኑ።

ትናንት ማክሰኞ የካንሰር ክፍሉ የቀጠሮ ቀን ነበር። ካርድሽ ላይ የተጻፈውን ቀን ከመዝገቡ አግኝቼ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋዋኔን አውልቄ እዚያ ኮሪደር ሄድኩና ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መቁጠሪያሽን በኪሴ ይዣለሁ። ትመጫለሽ ብዬ ነበር። ነጠላ የተከናነበች ሴት በገባች ቁጥር እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። አጠገቤ የነበሩት እናት «ልጄ፣ መጀመሪያሽ ነው? አይዞሽ» ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

ሲስተር ዙሀራ ወጣችና መጥራት ጀመረች። ሦስተኛ ላይ «ወለተ ኪዳን ገብረአምላክ» አለች። ማንም የለም። ደገመችው። ካርዱን ከሥር ልታስገባው ስትል ተነሳሁ።

«አለች» አልኩ።

«አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ የታለች?»

«መንገድ ላይ ናት።» ሁለተኛው ውሸቴ ይሄ ነው። እውነት ማድረግ የምትችይ አንቺ ብቻ ነሽ።

ዙሀራ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ከላብራቶሪ እንደሆንኩ አውቃለች፤ ግን ምንም አልጠየቀችም። «እህቴ፣ ይህች ሴትዮ ስትጠራ አራተኛዋ ነው። ስልኳ አይሠራም። ሐኪሙ ካርዷን ወደ መዝገብ ቤት መልሱ ብሏል» አለችኝ። ለመንኳት። መለመን እንደማልችልበት ታውቂያለሽ፤ አማርኛዬም ትግርኛዬም ተቀላቀለብኝ። በመጨረሻ «ለሚመጣው ማክሰኞ እጽፍላታለሁ፤ ከዚያ ካለፈ እኔም አቅም የለኝም» አለች። ከዚያ ካርዱን አገላብጣ «ምኗ ነሽ?» አለችኝ።

ተጠሪ የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። ዕድሜ ተሞልቷል፣ ክፍለ ከተማ ተሞልቷል፣ የማይሠራው ስልክ ተሞልቷል። ተጠሪ የሚለው ላይ ሰረዝ አስምረሽበታል። ፍሬ፣ ሌላውን ሁሉ ይቅር እልሻለሁ፤ ብንሞት እንኳ በማን ስም እንደምንፈታ ተነጋግረን፣ በሕይወት ሳለሽ ሰው የለኝም ብለሽ ሰረዝ ታሰምሪያለሽ? እዚያ ዙሀራ ፊት አለቀስኩ። ከቁጣ ነው።

«እህቷ ነኝ» አልኳት። ዙሀራ አነጋገሬን ሰማች፣ የደብረ ብርሃን ልጅ መሆኔ ያስታውቃል፤ ቀና ብላ አየችኝና ሰረዙ ላይ ስሜንና ስልኬን ጻፈችበት።

እንግዲህ ቀጠሮሽ ማክሰኞ ግንቦት 26 ነው። ከቀዶ ጥገናው ሰማንያ ስምንተኛ ቀኑ፤ ሦስት ወር አልሞላም፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ይህኛውን ቁጥር ደግሞ እንዳትቀንሺብኝ። ሰኞ የሚነሳውን ሚኒባስ ያዢ። መናኸሪያ ስትደርሺ ደውይልኝ፤ እኔ ቤት ታድሪያለሽ፤ ለኣንዶም መንገር ካልፈለግሽ እስክትፈልጊ ድረስ አልነግረውም። ለዶክተር ገዛኢም አልነገርኩም። ሰንጠረዡ ላይ በእኔ በኩል ሠላሳ አራት ጽፌያለሁ፤ ዘጠኙን ሰርዤ ያንቺን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። ሰላሳን ሓደን ላይ ነበር የቆምሽው። የቀሩትን ሦስቱን ስትድኚ ትጨርሺያቸዋለሽ፤ በዚያን ጊዜ ቀስቱን አንቺ ትይዣለሽ፣ እኔ አልቸኩልም።

ያንን የሙሽራ ሻሽም ይዘሽ ነይ። መድኃኒቱ ፀጉር እንደሚያረግፍ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ሰማያዊ ደግሞ ያምርብሻል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ። ዙሀራ ስትጠራ መነሳት ካቃተሽ ቀድሜሽ እነሳለሁ፤ ኮሪደሩ ሁሉ ታማሚዋ እኔ ልምሰለው፣ ግድ የለኝም፤ አንቺ ብቻ ከኋላዬ ግቢ። ያንን ስም የሰጠሽኝ ለቄስ እንድሰጥልሽ ነበር። አልሰጥም። «ወለተ ኪዳን» ሲሉ «አለች» ልልበት ነው የያዝኩት።

ማንም የማያውቀውን ስምሽን እኔ ካወቅሁት፣ አንቺ ብቻ በምታውቂው ስም እፈርምልሻለሁ።

እህትሽና ተጠሪሽ፣
ወለተ ጻድቅ